ሻይ ከማሳ እስከ ብርጭቆ፤ የስሪላንካ ሻይ ቤቶችና የአነስተኛ ማሳ አርሶ አደሮች

በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው የስሪላንካ ደሴት ከመንደር ወደ መንደር የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ ሻይ ቤት ያገኛል። የአገሬው ሰው “ካዴ” ይለዋል፤ ሱቅ እንደማለት ነው። ከደጃፉ የሙዝ ዘለላ ይንጠለጠላል፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ዳቦና ከምስር ተቦክቶ በዘይት የተጠበሰ ቂጣ ይደረደራል፤ ማንቆርቆሪያው ከእሳት ላይ አይወርድም። ማለዳ ወደ ማሳው የሚወጣው አርሶ አደር፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ጡረተኛው በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠጣሉ። የዝናቡ ሁኔታ፣ የሰፈሩ ወሬ፣ የሰሞኑ የሻይ ቅጠል ዋጋ የሚነገረው እዚያው ነው።

በእነዚህ ሻይ ቤቶች በብዛት የሚጠጣው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወተት ያልገባበት ሻይ ሲሆን አንዳንዴ ዝንጅብል ይጨመርበታል። ብዙዎች ስኳሩን በብርጭቆው ውስጥ ከማማሰል ይልቅ “ሀኩሩ” የሚባለውን ጣፋጭ በእጃቸው ይዘው ጥቂት እየገመጡ ሻዩን ይከተሉበታል። ሀኩሩ “ኪቱል” ከሚባል የዘንባባ ዓይነት ዛፍ የሚቀዳ ፈሳሽ ተፈልቶ ሲጠጥር የሚገኝ ቡናማ ጣፋጭ ነው። ሁለተኛው የወተት ሻይ ነው። ቅጠሉ በጨርቅ ማጥለያ ተጠልሎ፣ ከወተት ዱቄት ወይም ከተጠናከረ የቆርቆሮ ወተት ጋር ተቀላቅሎ፣ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከፍ ተደርጎ እየተገለበጠ አረፋ ያወጣል።

በእነዚህ ብርጭቆዎች ውስጥ የሚገባው ግን የደሴቲቱ ምርጥ ቅጠል አይደለም። ስሪላንካ ከምታመርተው ሻይ ከ90 በመቶ በላይ ወደ ውጭ ይላካል። በመንገድ ዳር ሻይ ቤቶች በብዛት የሚፈላው በፋብሪካ ሲበጠር መጨረሻ ላይ የሚወርደው ደቃቅ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ቶሎ ቀለም ስለሚሰጥና ስለሚከብድ ለወተት ሻይ ይመረጣል፤ ዋጋውም ለሻይ ቤቱ ይቀላል። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ የበቀለ ቅጠል ከፊሉ በዓለም ገበያ ውድ ዋጋ የሚያወጣው፣ ከፊሉ ደግሞ በሰፈር ሻይ ቤት የሚቀረው እንዴት እንደሆነ መመልከት ለአምራቹም ለአመራሩም የሚጠቅም ትምህርት አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡና ሲጠፋ የመጣ ተክል

ደሴቲቱ ሲሎን በሚለው የቀድሞ ስሟ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች የምትታወቀው በሻይ ሳይሆን በቡና ነበር። በማዕከላዊው ተራራማ ክፍል ደኑ ተመንጥሮ ኮረብታው ሁሉ በቡና ተሸፍኖ ነበር። መነሻው ኢትዮጵያ የሆነው የአረቢካ ቡና ለደሴቲቱ የውጭ ገቢ ዋና ምንጭ እስከመሆን ደረሰ።

በ1869 ግን በቡናው ቅጠል ጀርባ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት የሚመስል ነገር ታየ። የቡና ቅጠል ዋግ ነበር። በነፋስና በዝናብ የሚዛመተው ይህ ፈንገስ ቅጠሉን እያራገፈ ዛፉን ያዳክማል። ከእንግሊዝ የተላከው የእጽዋት ተመራማሪ ሃሪ ማርሻል ዋርድ ከ1880 ጀምሮ በደሴቲቱ ቆይቶ የበሽታውን አነሳስና አስተላለፍ አጠና። ሰፊ መሬት ያለምንም ከለላ በአንድ ዓይነት ሰብል መሸፈኑ ለበሽታው መንገድ እንደከፈተለትም አስገነዘበ። ጥናቱ ሲጠናቀቅ አብዛኛው ቡና ከመዳን አልፎ ነበር። ብዙ ባለእርሻዎች ከሰሩ። አንዳንዶቹ የወባ መድኃኒት ወደሚገኝበት የሲንኮና ዛፍ ቢዞሩም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለተከለው ዋጋው ወዲያው ወረደ።

ያተረፉት ቀደም ብለው አማራጭ የሞከሩት ናቸው። ጄምስ ቴይለር የተባለ ስኮትላንዳዊ በካንዲ አካባቢ በሚገኘው የሉሌኮንዴራ እርሻ በ1867፣ ማለትም ዋጉ ከመታየቱ 2 ዓመት በፊት፣ 8 ሄክታር ያህል መሬት ላይ ሻይ ተክሎ ነበር። የመጀመሪያውን ቅጠል በመኖሪያ ቤቱ በረንዳ ላይ በእጅ እያሸ ያዘጋጅ እንደነበር ይነገራል። በ1873 ወደ ለንደን የላከው 10 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ቡናው ሲጠፋ ግን ጎረቤቶቹ የሚያዩት፣ የሚጠይቁትና የሚማሩበት ማሳ ዝግጁ ሆኖ ጠበቃቸው። በ1883 በኮሎምቦ የሻይ ጨረታ ተጀመረ። እስከ 1900 ባለው ጊዜ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በሻይ ተሸፈነ። በ1890 ወደ ደሴቲቱ የመጣው ነጋዴ ቶማስ ሊፕተንም እርሻ ገዝቶ ሻዩን በትናንሽ ፓኬት እያሸገ ለእንግሊዝ ተራ ሸማች በቅናሽ ማቅረብ ጀመረ።

ምርቱን የተሸከሙት ባለ ግማሽ ሄክታሮቹ

የስሪላንካ ሻይ ሲነሳ ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ሰፋፊ እርሻን ነው። እርሻዎቹ ዛሬም አሉ። በኑዋራ ኤሊያ፣ በዲምቡላና በኡቫ ከፍታዎች ላይ ተዘርግተዋል። ይሁንና በአሁኑ ወቅት ከደሴቲቱ ምርት ከ70 በመቶ በላይ የሚሰጡት አነስተኛ ይዞታ ያላቸው አርሶ አደሮች ናቸው። ቁጥራቸው 400 ሺህ ገደማ ሲሆን የአብዛኞቹ ማሳ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። በብዛት የሚገኙትም በደቡቡ ዝቅተኛ ስፍራ፣ በጋሌ፣ በማታራና በራትናፑራ አካባቢዎች ነው።

ሻይ ለእነዚህ ቤተሰቦች የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው። እህል በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሲሰበሰብ፣ ሻይ በየሳምንቱ ገደማ ይለቀማል። ስለዚህ ገቢው በየወሩ ይገባል። ተክሉ በአግባቡ ከተያዘ ለአሥርተ ዓመታት ምርት ይሰጣል። በየ3 እና 5 ዓመቱ ሲገረዝ እንደገና ያቆጠቁጣል። ብዙዎቹ በማሳቸው ውስጥ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮኮናትና የጥላ ዛፍ አብረው ስለሚተክሉ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሸፍናል።

ይህ ግን በራሱ የመጣ ውጤት አይደለም። በ1925 የተቋቋመውና ዋና ማዕከሉ በታላዋኬሌ የሚገኘው የሻይ ምርምር ተቋም ምርታማና በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አወጣ። ዝርያዎቹ ከዘር ይልቅ አንድ ቅጠል ካለው ቁራጭ ግንድ ስለሚባዙ ችግኙ ከእናቱ ተክል አይለይም። በ1970ዎቹ ደግሞ ለአነስተኛ አምራቾች ብቻ የሚሠራ የሻይ ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ። ባለሥልጣኑ ያረጀ ሻይ ነቅሎ ለሚተክል ድጎማ ይሰጣል፤ በየአካባቢው ባለሙያ ይመድባል፤ አምራቾቹን በማኅበር ያደራጃል።

በሰፋፊዎቹ እርሻዎች ያለው ታሪክ ግን ሌላ ገጽታ አለው። እንግሊዞች ለለቀማው ሥራ ከደቡብ ሕንድ ያመጧቸው የታሚል ቤተሰቦች ከትውልድ ወደ ትውልድ በእርሻው ውስጥ በተሠሩ ጠባብ የረድፍ ቤቶች ኖረዋል። ከነፃነት በኋላ በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ አብዛኞቹን አገር አልባ አደረጋቸው። ችግሩ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተዘጋው በ2003 ነው። የቀን ደመወዛቸው 1 ሺህ ሩፒ እንዲሆን የተወሰነውም ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ በ2021 ነበር። ወጣቶቹ ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር መሄድን ስለሚመርጡ እርሻዎቹ ዛሬ ለቃሚ ያጥራቸዋል። በዓለም የታወቀ ምርት ለቃሚውን በአግባቡ ካልከፈለው ውሎ አድሮ ለቃሚ እንደሚያጣ ይህ ማሳያ ነው።

ሰዓት የሚቆጠርበት ምርት

የሻይ ጥራት የሚጀምረው በለቃሚው ጣት ነው። ሊለቀም የሚገባው ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ነው። ሚዛን ለማብዛት ሲባል ጠንካራው አሮጌ ቅጠል ከተጨመረ ሻዩ ጣዕሙን ያጣል። የለቀማው ቀን ከተላለፈም ለጋው ይጠነክራል። ስለሆነም በየ7 ቀኑ ገደማ እየተመላለሱ መልቀም ግድ ነው።

ቅጠሉ ከተለቀመበት ደቂቃ ጀምሮ መለወጥ ይጀምራል። በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅጥቆ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይግላል፤ ይሰባበራል፤ ፋብሪካ ሳይደርስ ይቀላል። ስለዚህ አየር በሚያስገባ መረብ ወይም በፕላስቲክ ሣጥን ተደርጎ በዕለቱ ፋብሪካ መግባት አለበት። በየመንደሩ ቅጠል የሚሰበስቡ መኪኖች በተወሰነ ሰዓት ይመጣሉ፤ ቅጠሉ በመንገድ ዳር ይመዘናል። ዝናብ የነካው ከሆነ የውሃው ክብደት ይቀነሳል።

ፋብሪካ የደረሰው ቅጠል በረጅም ገንዳ ላይ ተዘርግቶ ከ12 እስከ 18 ሰዓት አየር እየተነፋበት ይጠወልጋል። ከዚያ በማሽን ይታሻል። ሲታሽ ውስጡ ያለው ጭማቂ ወጥቶ ከአየር ጋር ስለሚገናኝ አረንጓዴው ወደ መዳብ ቀለም ይለወጣል፤ የጥቁር ሻይ ጣዕምና መዓዛ የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ለውጡ በሚፈለገው ደረጃ ላይ ሲደርስ በሙቅ አየር ይደርቃል፤ በውስጡ የሚቀረው እርጥበትም ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። በመጨረሻ በወንፊት ተበጥሮ እንደ ቅጠሉ መጠን በደረጃ ይለያል። ትልልቁና ሙሉው ከላይ ይቀራል፤ ደቃቁ ዱቄት ከታች ይወርዳል። 1 ኪሎ ግራም የደረቀ ሻይ ለማግኘት ከ4 ኪሎ ግራም ተኩል እስከ 5 ኪሎ ግራም እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል።

የመሬቱ ከፍታም ዋጋን ይወስናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 200 ሜትር በላይ የበቀለው ሻይ ቀለሙ ቀላ ያለ፣ ሽታው የጎላ ነው። ከ600 ሜትር በታች የበቀለው ደግሞ ጥቁርና ከባድ ሲሆን በመካከለኛው ምሥራቅና በሩሲያ ገበያ ይወደዳል። ስሪላንካ አንዱን ከሌላው ሳትደባልቅ እያንዳንዱን በየስሙና በየአካባቢው ትሸጣለች።

68 ለ32

አርሶ አደሩ ቅጠሉን የሚያስረክበው ለፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው የሚሸጠው በኮሎምቦ ሳምንታዊ ጨረታ ነው። በመካከሉ የሚነሳው ጥያቄ ትርፉ እንዴት ይከፈላል የሚለው ነው። በዚህ ረገድ አገሪቱ ያስቀመጠችው ቀመር ግልጽ ነው። ፋብሪካው በጨረታ ከሚያገኘው አማካይ ዋጋ 68 በመቶው ለቅጠል አቅራቢው፣ 32 በመቶው ለፋብሪካው ይሆናል። የጨረታ ዋጋ ሲጨምር ለቅጠሉ የሚከፈለው ይጨምራል፤ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል።

የዚህ አሠራር ጥቅም ዋጋውን ማሳደግ ብቻ አይደለም። አርሶ አደሩ ክፍያው ከየት እንደመጣ ማስላት ይችላል። በሰፈር ሻይ ቤት ተቀምጦ የጨረታውን ውጤት ከጎረቤቱ ጋር ያነጻጽራል። የተሻለ የሚከፍል ፋብሪካ ካለ ቅጠሉን ወደዚያ ያዞራል። ፋብሪካውም አቅራቢ እንዳይሸሸው ጥራት እንዲጠበቅ ያግዛል። ሆኖም ቀመሩ ብቻውን ሁሉንም አይፈታም። ፋብሪካዎች ለቅጠል በሚሻሙበት ጊዜ ጥራቱ የወረደውንም መቀበላቸው የደሴቲቱ የሻይ ባለሙያዎች ዘወትር የሚያነሱት ችግር ነው።

ሻይ ቤቱ ራሱ ገቢ ሲሆን

ለረጅም ጊዜ የስሪላንካ ሻይ በጅምላ ተጭኖ ይሄድና በሌላ አገር ተቀላቅሎ፣ በሌላ አገር ስም ታሽጎ ይሸጥ ነበር። በ1980ዎቹ ሜሪል ፌርናንዶ የተባሉ የአገሪቱ ነጋዴ “ዲልማ” በሚል ስም ሻዩን በተመረተበት አገር አሽገው ለውጭ ሸማች በቀጥታ ማቅረብ ጀመሩ። የአገሪቱ የሻይ ቦርድም ሙሉ በሙሉ የስሪላንካ ለሆነና በአገር ውስጥ ለታሸገ ሻይ ብቻ የሚሰጥ የአንበሳ ምልክት አለው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሻይ መጠጣት ራሱ የሚሸጥ አገልግሎት ሆኗል። ወደ ኑዋራ ኤሊያ በሚወስደው መንገድ በላቡኬሊ እንደሚገኘው ያሉ እርሻዎች ፋብሪካቸውን ለጎብኚ ከፍተዋል። እንግዳው ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲታሽ ያያል፤ ከዚያም በእርሻው ሻይ ቤት ተራራውን እየተመለከተ ይጠጣል፤ ሲወጣ ፓኬት ይገዛል። በካንዲ አቅራቢያ በሃንታና የሚገኝ ያረጀ ፋብሪካ የሻይ ሙዚየም ሆኗል። በካንዳፖላ ደግሞ ሥራ ያቆመ ፋብሪካ ሳይፈርስ ሆቴል ተደርጓል። በእነዚህ ቦታዎች ጎብኚው የሚቀምሰው በአካባቢው የበቀለውን የተለየ ደረጃ ነው፤ ደቃቁ ዱቄት ለሰፈር ካዴ፣ ሙሉው ቅጠል ለእንግዳ ይቀርባል።

በአንድ ሌሊት የተወሰነ ውሳኔ

የስሪላንካ መንግሥት በ2021 የጸደይ ወራት የኬሚካል ማዳበሪያና የፀረ ተባይ መድኃኒት ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። የተሰጠው ምክንያት ግብርናውን ሙሉ በሙሉ ወደ ተፈጥሮ ማዳበሪያ ማሸጋገር ነበር፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረትም አገሪቱን አስጨንቋት ነበር። ዓላማው የሚደገፍ ቢሆን እንኳ ሽግግሩ ጊዜ አልተሰጠውም። በቂ ኮምፖስት አልተዘጋጀም። በየማሳው አልተሞከረም። አርሶ አደሩም በሚቀጥለው ወቅት ምን እንደሚጠቀም አልተነገረውም።

ሻይ በየሳምንቱ ቅጠሉ የሚወሰድበት ተክል በመሆኑ ናይትሮጂን ሳይተካለት ሲቀር ቀንበጡ ይቀጭጫል። በዚያው ዓመት በጥቅምትና በኅዳር እገዳው ቢነሳም ማዳበሪያው ተወድዶ ነበር፤ የነዳጅ እጥረትም ተጨመረ። በ2021 ወደ 299 ሚሊዮን ኪሎ ግራም የነበረው የሻይ ምርት በ2022 ወደ 251 ሚሊዮን ወረደ። የሩዝ አምራቾችም ክፉኛ ተጎዱ።

ጉዳቱ ሻይ ቤቶቹም ድረስ ዘልቋል። የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ከውጭ የሚገባው የወተት ዱቄት ከገበያ ራቀ፤ በርካታ ሻይ ቤቶች የወተት ሻይ ማቅረብ አቁመው ወተት የሌለውን ብቻ መሸጥ ጀመሩ። በዓለም ከታወቁት የሻይ አገሮች በአንዷ ተራው ሰው የለመደውን የጠዋት ብርጭቆ አጣ።

ለእኛ አምራቾችና አመራሮች

ኢትዮጵያ ሻይን በውሽውሽና በጉማሮ ለረጅም ጊዜ ስታመርት ቆይታለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ሻይ ወደ አርሶ አደሩ ማሳ እየገባ ነው። ሻይ በማይበቅልባቸው አካባቢዎችም ቡና፣ አቮካዶ፣ ማንጎና አትክልት በክላስተር እየለማ ነው። የደሴቲቱ ታሪክ ለሁሉም የሚሆን ነገር አለው።

ለአርሶ አደሩ የመጀመሪያው ጉዳይ አማራጭ ነው። አንድ ሰብል ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ ማሳውን ሁሉ በእርሱ መሸፈን ያጓጓል። የስሪላንካ ቡና የጠፋው በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ነው። የተረፉት ከክፉ ቀን በፊት በማሳቸው ጥግ ሌላ ተክል የሞከሩት ናቸው። ሁለተኛው ጉዳይ ከማሳ በኋላ ያለው አያያዝ ነው። ቅጠልም ሆነ ፍራፍሬ በጆንያ ታጭቆ ፀሐይ ላይ ከዋለ የዓመቱ ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይበላሻል።

ለወረዳ አመራሮች ደግሞ ሦስት ነጥቦች ይነሳሉ። ችግኝ ከመከፋፈሉ በፊት ምርቱን የሚቀበል ፋብሪካ ወይም ማዕከል በዕለቱ ሊደረስበት የሚችል መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ፋብሪካ በሌለበት የተተከለ ሻይ ሲያድግ የአጥር ዛፍ ከመሆን አያልፍም። የምርት ቅበላ ውል ሲዘጋጅም የዋጋው ስሌት አርሶ አደሩ ራሱ ሊያሰላው በሚችል መልኩ በጽሑፍ ቢቀመጥ በአቅራቢና በተረካቢ መካከል የሚነሳውን ክርክር ይቀንሳል። የግብዓት ለውጥ ሲታሰብ ደግሞ፣ ወደ ኮምፖስትም ይሁን ወደ አዲስ ማዳበሪያ፣ በጥቂት ማሳዎች ተሞክሮ፣ ውጤቱ በአርሶ አደሩ ፊት ተለክቶ፣ የሚተካው ነገር በመጋዘን ከገባ በኋላ የነበረው ቢቀር ይሻላል። ስሪላንካ በጥቂት ወራት ውሳኔ ያጣችውን ምርት ለመመለስ ዓመታት ወስዶባታል።